«ዶክተር» ለመባል ስንት ይከፈላል? በኢንተርኔት የቢዝነስ ዶክትሬት ከመመዝገብ በፊት ቤተሰብ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ልጆቻችን በትምህርት እየገፉ ሲሄዱ ወላጅ ዘንድ የሚመጣው ጥያቄም አብሮ ይለወጣል። ዱሮ «ባግሩቱን አለፈ ወይ?» ነበር የምንጠያየቀው። ቀጥሎ «የትኛው ሚክላላ ገባች?» ሆነ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ጨርሰው፣ ሥራ ይዘው፣ ትዳር መሥርተው ሳለ «ሦስተኛውን ዲግሪ ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ልማር ነው» የሚሉ ልጆች አሉን። በተለይ ቢዝነስ፣ ማለትም የንግድ ሥራ አስተዳደር የተማሩት ይህን ያስባሉ። ማስታወቂያውም በስልካቸው ላይ ይመጣላቸዋል፦ ሥራ ሳታቋርጥ፣ ከአገር ሳትወጣ፣ በሦስት ዓመት ዶክተር ሁን ይላል።

ነገሩ የሚያኮራ ነው። ከመንደሩ ተነሥቶ ሱዳን ድረስ በእግሩ የተጓዘ አባት ልጁ «ዶክተር» ተብላ ስትጠራ ቢሰማ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ማስታወቂያውን የሚያወጡት ሰዎችም ይህን ኩራት ያውቁታል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያወጡለታል።

ጉዳዩ ወደ ወላጅ ቤት የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ጋር ነው። ልጅ «ለሃልቫአው አረቭ ሁኑልኝ» ይላል፣ ወይም ለክፉ ቀን የተቀመጠችው ቁጠባ ትነሣለች። ስለ ትምህርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የብድሩ ውል በዕብራይስጥ ነው፤ ወላጅም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማረው እሱ ነው» ብሎ ይፈርማል። በዛሬው ገጻችን የምንለው አንድ ነገር ነው፦ እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅም ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች መጠየቅ ይችላል፤ የሚጠቅሙትም ከመመዝገብና ከመፈረም በፊት ሲጠየቁ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደሚባለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ዓይነት ዶክትሬት አለ

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እዚህ የምንናገረው «ዶክተር» ሐኪም አይደለም። አያት ለጉልበቷ መድኃኒት ብትጠይቀው አያውቅም። ዶክትሬት ማለት በአንድ የትምህርት ዘርፍ ከሁለተኛው ዲግሪ በላይ ያለው፣ በራስ ጥናት የሚገኝ ሦስተኛ ዲግሪ ነው።

በቢዝነስ ይህ ዲግሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፒኤችዲ ነው። ፒኤችዲ ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን የሚዘጋጅ ሰው ትምህርት ነው። ተማሪው አዲስ እውቀት የሚጨምር ጥናት ይሠራል፣ በሙያ መጽሔቶችም ያሳትማል። ሁለተኛው ዲቢኤ ይባላል። ዲቢኤ በአብዛኛው ለብዙ ዓመት በሥራ ላይ ለቆየ ሥራ አስኪያጅ የተዘጋጀ ነው። ጥናቱም በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያጋጥምን ችግር ይዞ መፍትሔ የሚፈልግ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡት የቢዝነስ ዶክትሬቶች አብዛኞቹ ዲቢኤ ናቸው።

ዲቢኤ የውሸት ዲግሪ አይደለም። ስመ ጥሩው የሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ራሱ ለብዙ ዓመታት ዲቢኤ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን ሁለቱ ዲግሪዎች የሚከፍቱት በር አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው የወላጅ ጥያቄ ቀላል ነው፦ «የምትማረው ፒኤችዲ ነው ወይስ ዲቢኤ? ለምንስ ይህኛውን መረጥህ?» ልጁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካቃተው ገና ለመመዝገብ አልደረሰም።

ልጆቻችን ለምን ወደ ኢንተርኔቱ ይሄዳሉ?

በአገራችን በእስራኤል በቢዝነስና በአስተዳደር ፒኤችዲ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ የቴል አቪቭ፣ የባር ኢላን፣ የሐይፋ፣ በቤር ሸቫ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ ሚልጋ ያገኛል። ማለትም እንዲያጠና ይከፈለዋል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም።

ታዲያ ልጆቻችን ይህን ትተው ለምን ወደ ውጭ አገር የኢንተርኔት ትምህርት ይሄዳሉ? ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ ቴዛ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዶክትሬት ለመግባት በተለምዶ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ማለትም ቴዛ ይጠየቃል። ከሥራ ጋር አዳብለው ሁለተኛ ዲግሪ የተማሩት አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ ያለ ቴዛ የሚያልቀውን መንገድ ነው የሄዱት። ስለዚህ በሩ ይዘጋባቸዋል። የኢንተርኔቱ ማስታወቂያ «ቴዛ አያስፈልግም» ሲላቸው ተስፋ ያገኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መንገድ አለ። «ሃሽላማት ቴዛ» ይባላል። ሁለተኛ ዲግሪውን ያለ ቴዛ የጨረሰ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ የጎደለውን ጥናት ብቻ ሠርቶ፣ ከዚያ ለዶክትሬት የሚያመለክትበት ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ አማካሪ መምህር ማግኘትም ያስፈልጋል። ሆኖም ወጪው ከውጭው ዶክትሬት ጋር አይወዳደርም። ለኢትዮጵያ ተወላጅ የምርምር ተማሪዎች የተዘጋጁ ሚልጋዎችም አሉ፤ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ተማሪዎች ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነው። ልጃችሁ ወደ ኢንተርኔቱ ከመሄዱ በፊት «ይህንን በር አንኳኩተህ ነበር?» በሉት።

ዕውቅና ሦስት ዓይነት ነው

ሻጮች ሁሉ «ዕውቅና አለን» ይላሉ። ጥያቄው ማን ያወቃቸው የሚለው ነው። ዕውቅናውን በሦስት ከፍላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው፣ ትምህርት ቤቱ በተቋቋመበት አገር ዶክትሬት ለመስጠት ፈቃድ አለው ወይ? በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲን ጥራት የሚመረምሩ የዕውቅና ድርጅቶች አሉ። እነርሱንም የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ይመዘግባቸዋል፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት ነው። በብሪታንያም ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያላቸው ተቋማት ዝርዝር ከመንግሥት ይገኛል። ልጃችሁ የትምህርት ቤቱን ስም ከዚያ ከመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ያውጣላችሁ። ከሻጩ በኩል የመጣ ምስክር ወረቀት ለዚህ አይበቃም።

ለምን እንዲህ እንደምንል አንድ ምሳሌ እንስጥ። በግንቦት 2015 የአሜሪካው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስለ አንድ በካራቺ፣ ፓኪስታን የሚገኝ አክዛክት ስለሚባል ኩባንያ ጻፈ። ኩባንያው በመቶ የሚቆጠሩ የዩኒቨርሲቲ የሚመስሉ የኢንተርኔት ገጾች ነበሩት፤ ከኋላቸው ግን አስተማሪም ትምህርትም አልነበረም። ለእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች «ዕውቅና የሚሰጡ» ድርጅቶችም በዚያው ቤት የተፈጠሩ ነበሩ። ወረቀቱን ከገዙት ሰዎች አንዳንዶቹ በኋላ በስልክ እየተደወለ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን ነን በሚሉ ሰዎች እየተፈራሩ ተጨማሪ ገንዘብ ተወስዶባቸዋል። በ2018 የኩባንያው ባለቤት በፓኪስታን ፍርድ ቤት የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የገዙት ሰዎች ገንዘብ ግን የውሃ ሽታ ሆነ፤ ወረቀቱም በእጃቸው ላይ መረጃ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሙያ ዕውቅና ነው። በዓለም የታወቁት ሦስት ናቸው፦ በ1916 በአሜሪካ የተመሠረተው ኤኤሲኤስቢ፣ በአውሮፓ ያለው ኢኲስ፣ እና በለንደን ያለው አምባ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ያለው ትምህርት ቤት በሌሎች የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ይከበራል። የሌለው ሁሉ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ልጃችሁ በኮሌጅ ለማስተማር ካሰበ ይህ ዕውቅና ብዙ ይመዝናል።

ሦስተኛው ለእኛ ዋነኛው ነው፦ በእስራኤል ምን ይላሉ? የውጭ አገር ዲግሪ በመንግሥት ሥራ ለደመወዝ ደረጃ እንዲቆጠር በሚስራድ ሃሒኑክ ሥር ያለው የውጭ አገር ዲግሪዎች መመዘኛ ክፍል ይመረምረዋል። ይህ «ሽቂሉት» የሚባለው ነው። በአገሩ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ዲግሪ ሁሉ እዚህ ያለ ጥያቄ ያልፋል ማለት አይደለም። ትምህርቱ እንዴት እንደተሰጠ፣ በርቀት ነው ወይስ በአካል፣ ከዚያ በፊት ያሉት ዲግሪዎች ምንድን ናቸው የሚለው ይታያል። ዲቢኤው እንደ ፒኤችዲ ይቆጠር ወይም አይቆጠር እንደሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ልጁ ራሱ በጽሑፍ ያቅርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። «ወኪሉ ችግር የለም ብሎኛል» የሚለው መልስ አይደለም።

ሌላም አለ። የውጭ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አገር ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ፣ መምህር ቀጥሮ የሚያስተምር ከሆነ ከእስራኤል የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ ከማላግ፣ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሕግ በ1998 የወጣ ነው። አስፈላጊነቱን ያሳየን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጋዜጦች «የላትቪያ ጉዳይ» ያሉት ነገር ነው። በአገራችን ይሠራ በነበረ የላትቪያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ በኩል፣ ፖሊሶችን ጨምሮ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ተገቢውን ሥራ ሳይሠሩ ዲግሪ አግኝተው የደመወዝ ጭማሪ ወስደዋል ተብለው ተመረመሩ። ክስ የተመሠረተባቸውም ነበሩ። ለወረቀት ብሎ የገባ ሰው ወረቀቱንም፣ ሥራውንም፣ ስሙንም ሊያጣ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። ዛሬም «ጥናቱን እኛ እንጽፍልሃለን» የሚል ሰው ሲመጣ ልጃችሁን ወደዚያው ገደል እየጠራው ነው።

ዋጋው በወር የሚነገረው አይደለም

ማስታወቂያው «በወር ይህን ያህል ብቻ» ይላል። ወላጅ መጠየቅ ያለበት «እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ጠቅላላው ስንት ነው?» የሚለውን ነው። ይህን ለመረዳት ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል።

ዶክትሬት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ኮርሶች ናቸው። ይህ ክፍል መጀመሪያውና መጨረሻው ይታወቃል፤ ሁለት ዓመት ከተባለ ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛው ክፍል ጥናቱ ነው። ተማሪው የጥናት ሐሳብ ያቀርባል፣ ኮሚቴ ይመረምረዋል፣ ይመለስለታል፣ ያርማል፣ እንደገና ያቀርባል። ከዚያ ሰዎችን ይጠይቃል፣ መረጃ ይሰበስባል፣ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ቀርቦ ይከራከርበታል። ይህ ክፍል መቼ እንደሚያልቅ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። አማካሪው አንድ ምዕራፍ አንብቦ ለመመለስ ሁለት ወር ከቆየ ተማሪው ሁለት ወር ጠበቀ ማለት ነው። በብዙ የኢንተርኔት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሲጠብቅም ይከፍላል።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ትምህርት ቤት 60 ክሬዲት ይጠይቃል፣ አንዱ ክሬዲት 1,000 ዶላር ነው እንበል። ይህ 60,000 ዶላር ይሆናል፤ ማስታወቂያውም ይህን ይናገራል። ጥናቱ በጊዜው ባያልቅ ተማሪው በየመንፈቁ 5 ክሬዲት እየተመዘገበ ይቀጥላል፤ 5,000 ዶላር ነው። በዓመት ሦስት መንፈቅ ቢኖር፣ ሁለት ዓመት ቢጨምር፣ ስድስት ጊዜ 5,000 ማለት 30,000 ዶላር ነው። ስልሳው ዘጠና ሆነ። የጉዞ፣ የመጻሕፍትና የፈተና ክፍያ ገና አልተቆጠረም። ሁሉም በዶላር ስለሆነ ዶላር በተወደደ ጊዜ የሰቀሉ ሒሳብም አብሮ ይወጣል።

ይህ በምናብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ2022 በአሜሪካ ዋልደን የሚባል፣ በሕጋዊ መንገድ ዕውቅና ያለው የኢንተርኔት ዩኒቨርሲቲ ስለ ዲቢኤ ትምህርቱ ተከሶ ነበር። ከሳሾቹ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርቱ የሚወስደው ጊዜና ገንዘብ ከተነገረን በላይ ሆነብን፣ ማስታወቂያውም በተለይ ጥቁሮችንና ሴቶችን ያነጣጠረ ነበር አሉ። ዩኒቨርሲቲው ጥፋት የለብኝም አለ። በ2024 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ 28.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የዲቢኤውን ጊዜና ወጪም ለአመልካቾች በግልጽ ሊያሳውቅ ተስማማ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዕውቅና ብቻውን ዋጋውን ተመጣጣኝ አያደርገውም። ሁለተኛ፣ ከታች ተነሥተው በትምህርት ለማደግ የሚጣጣሩ ማኅበረሰቦች በማስታወቂያ ቀድመው እንደሚፈለጉ የከሳሾቹ አቤቱታ ያሳያል። እኛም ከእነዚያ ማኅበረሰቦች አንዱ ነን።

ስንቱ ይጨርሳል?

በአሜሪካና በካናዳ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ በተደረገ ሰፊ የዶክትሬት ጥናት ከጀመሩት ተማሪዎች በ10 ዓመት ውስጥ የጨረሱት 57 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ያም በመደበኛ ዩኒቨርሲቲ፣ መምህር በአጠገባቸው እያለ ነው። ከሥራ በኋላ ሌሊት ብቻውን በኮምፒውተር ፊት ለሚቀመጥ፣ ልጆች ላሉት ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ ገምቱት።

ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ ጥናቱን ያልጨረሰ ሰው ዶክተር አይባልም። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ዕዳው አለበት፣ ዲግሪው ግን የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን «ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ጨረሱ? የጨረሱት በአማካይ ስንት ዓመት ፈጀባቸው? ስንትስ ከፈሉ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ የማይሰጥ ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷል።

ከሁሉም በላይ መጨረስንና አለመጨረስን የሚወስነው አማካሪው፣ በዕብራይስጥ ማንሔ የሚባለው መምህር ነው። ልጃችሁ ከመመዝገቡ በፊት ማን ሊያማክረው እንደሚችል ስሙን ይጠይቅ። መምህሩ በዚያ ርዕስ ላይ ምን እንደጻፈ፣ ስንት ተማሪ እንደያዘ፣ የተላከለትን ምዕራፍ በስንት ቀን እንደሚመልስ ይጠይቅ። ከዚያም ትምህርቱን ከጨረሱ ሁለት ሰዎች፣ ካቋረጠም አንድ ሰው ጋር በስልክ ይነጋገር። ካቋረጠው ሰው የሚገኘው እውቀት ብዙ ነው።

ሰዓትና ሰንበት

ለእኛ ቤት ልዩ የሆነ ጥያቄም አለ። የኢንተርኔት ትምህርት ሁሉ በፈለጉት ሰዓት የሚታይ አይደለም። አንዳንዱ በቀጥታ የሚሰጥ ክፍል አለው። በኒው ዮርክ ማታ አንድ ሰዓት የሚጀምር ክፍል በእኛ አገር ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። በነጋታው ጠዋት ሥራ አለ።

ለሠራተኞች የተዘጋጁ አንዳንድ የዲቢኤ ትምህርቶች ደግሞ ተማሪዎቹን በዓመት ጥቂት ጊዜ በአካል ይጠራሉ፤ የሚጠሩትም ብዙ ጊዜ በቅዳሜና እሑድ ነው። ሰንበት ለሚጠብቅ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የትምህርቱን የቀን መቁጠሪያ ከመመዝገብ በፊት ተቀብሎ ከሰንበትና ከበዓላት ጋር ማመሳከር፣ «ቅዳሜ ባልገኝስ?» ለሚለውም በጽሑፍ መልስ መቀበል ያስፈልጋል።

ዲግሪው ለየትኛው ሥራ ነው?

ይህንን ጥያቄ ሳይመልሱ ሌላውን ሁሉ መመለስ ድካም ነው። ዶክትሬት የሚፈልጉ ልጆች ከሦስት ነገሮች አንዱን ያስባሉ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ልጅ የደመወዝ ደረጃ እንዲያድግለት ያስባል። እንዲህ ከሆነ መልሱ ያለው በሁለት ቦታ ነው፦ በመመዘኛው ክፍል እና በሚሠራበት ቤት «ማሻቤ ኤኖሽ» ዘንድ። «ይህን ዲግሪ ባመጣ ደመወዜ በስንት ይጨምራል?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። የሚጨመረው በወር ጥቂት መቶ ሰቀል ከሆነ የዘጠና ሺህ ዶላር ወጪ በጡረታውም ጊዜ አይመለስም።

ሌላው በሚክላላ ወይም በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ያስባል። እዚያ የሚታየው የዲግሪው ስም ብቻ አይደለም፤ ምን አጠና፣ የት አሳተመ የሚለው ይመዝናል። ሊያስተምርበት የሚፈልገውን የአንድ ሚክላላ የቢዝነስ ክፍል ኃላፊ አግኝቶ «ከዚህ ትምህርት ቤት ዲቢኤ ያለው ሰው ትቀጥራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ሰላሳ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ሦስተኛው በግል ድርጅት ከፍ ማለት ወይም የራሱን የማማከር ሥራ መክፈት የሚፈልግ ነው። በግል ድርጅት ዲግሪውን የሚመዝነው አሠሪው ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሦስተኛ ዲግሪ ይልቅ የሥራ ልምድና ውጤት ይታያል። ለዚህ ሰው አጭር የሙያ ኮርስ ወይም የሒሳብ ምርመራ ፈቃድ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። እውቀቱን ለራሱ ብሎ የሚፈልገውም አለ፤ ይህም የተከበረ ምክንያት ነው። እሱ ግን በዕዳ ሳይሆን በአቅም ልክ መሆን አለበት።

ገንዘብና ፊርማ

አረቭ መሆን ማለት «ልጄ ጥሩ ሰው ነው» ብሎ መመስከር አይደለም። ልጁ መክፈል ቢያቅተው ባንኩ ወደ እናንተ፣ ወደ ጡረታችሁና ወደ ቤታችሁ ይመጣል ማለት ነው። ጡረታ የወጣ ወይም ለመውጣት የተቃረበ ሰው ለረጅም ዓመት ብድር አረቭ ከመሆኑ በፊት ውሉን የሚያስረዳው ሰው፣ ከባንኩና ከሻጩ ውጪ የሆነ ሰው፣ ማግኘት አለበት።

ልጁ ራሱ ሥራ ላይ ከሆነ ኬረን ሂሽታልሙት ይኖረው ይሆናል። ይህ ቁጠባ በተለምዶ ከስድስት ዓመት በኋላ ከቀረጥ ነጻ የሚወጣ ነው፤ ለሠራተኛው ለራሱ ትምህርት ከሆነ ግን ከሦስት ዓመት በኋላም የሚወጣበት መንገድ አለ። የወላጅ ቁጠባ ከመነካቱ በፊት ይህ ይታይ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት እዚህ አገር ካለ ወኪል ጋር ውል የፈረመ ሰው መብት አለው። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንዲህ ያለ ውል በተለምዶ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ እንዲሁም የኦሌ ወረቀት ካገኘ አምስት ዓመት ላልሞላው አዲስ መጤ፣ ከሻጩ ጋር በንግግር ወይም በመልእክት ተነጋግሮ ከሆነ የተዋዋለው፣ ጊዜው እስከ አራት ወር ይደርሳል። የመሰረዣው ክፍያም ከዋጋው 5 ከመቶ ወይም 100 ሰቀል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ የለበትም። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውንም ያዙ። ሻጩ እምቢ ካለ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን አለ፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰውም ወደ «ሲዩአ ሚሽፓቲ» መሄድ ይችላል። ገንዘቡ በቀጥታ ውጭ አገር ላለ ትምህርት ቤት ከተላከ ግን ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም ክፍያ በአንድ ጊዜ አትላኩ የምንለው።

ቆርጣችሁ የምታስቀምጧቸው ጥያቄዎች

ልጃችሁን አስቀምጣችሁ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁት፦

1. ፒኤችዲ ነው ወይስ ዲቢኤ? ለምን?
2. በእስራኤል ዩኒቨርሲቲ፣ በሃሽላማት ቴዛም ጭምር፣ ሞክረሃል?
3. የትምህርት ቤቱ ስም በአገሩ መንግሥት ዝርዝር ውስጥ አለ?
4. በእስራኤል እንዴት እንደሚቆጠር በጽሑፍ መልስ አለህ?
5. እስከ ምርቃት ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ጥናቱ ሁለት ዓመት ቢዘገይስ?
6. ከጀመሩት ስንቱ ጨረሱ?
7. አማካሪህ ማን ነው?
8. ክፍሉ በስንት ሰዓት ነው? በሰንበት ትምህርት አለ?
9. ዲግሪውን ስታመጣ የትኛው በር ይከፈትልሃል? ይህን የነገረህ ማን ነው?
10. ብታቋርጥ የተከፈለው ይመለሳል?

ከዚህም ጋር አደጋን የሚያሳዩ ምልክቶችን ያዙ። «ዛሬ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» የሚል፣ «በሥራ ልምድህ ብቻ ዶክትሬት እንሰጥሃለን» የሚል፣ በጥቂት ወር እጨርስሃለሁ የሚል፣ የመምህራኑን ስም የማይናገር፣ ስሙን ከታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ስም ጋር ያመሳሰለ ትምህርት ቤት ሲያጋጥማችሁ ስልኩን ዝጉ።

አንዳንድ ልጆች «አባባ፣ አታምነኝም ማለት ነው?» ይሉ ይሆናል። ትዳር ሲመሠረት ሽማግሌ ተልኮ ዘር የሚጠየቀው ልጅን ባለማመን አይደለም፤ ኋላ እንዳይፈርስ ነው። ዶክትሬትም ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የሚወስድ ቃል ኪዳን ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት መርጦ የመጣ ልጅ አሥሩንም ጥያቄ በደስታ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ መርቁት፣ አቅማችሁ በፈቀደውም አግዙት። መልስ የጎደለባቸው ጥያቄዎች ካሉ ግን እነርሱ እስኪሞሉ ድረስ እስክሪብቶው ይቀመጥ። ምዝገባው በሚቀጥለው መንፈቅም አለ።